ኢንሹራንስ ወይስ ከኪስ ክፍያ? በአማርኛ የሥነ ልቦና ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ ምርጫ

ከአገር ቤት በሥነ ልቦናና በምክር አገልግሎት ተመርቀው በአሜሪካ ፈቃዳቸውን ያደሱ ባልደረቦች በየጊዜው አንድ ጥያቄ ይጽፉልኛል። «ፈቃዴን አግኝቻለሁ፤ ቢሮ ልከፍት ነው። ኢንሹራንስ ልቀበል ወይስ ደንበኛው ከኪሱ ይክፈል?» የሚል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የግል ቢሮዬን ስከፍት እኔም ይህንኑ ጥያቄ ለሌሎች ጽፌ ነበር። ያገኘሁት መልስ ሁሉ በሒሳብ የተሞላ ነበር፤ ሒሳቡም ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ መልሱን የሰጡኝ ሰዎች በእንግሊዝኛ የሚሠሩ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ብዙ መሰሎች ያሏቸው ባለሙያዎች ነበሩ። በአማርኛ ለሚሠራ ሰው የክፍያው መንገድ ማን ወንበሩ ላይ እንደሚቀመጥና ስለ ተቀመጠው ሰው ምን እንደሚጻፍ ጭምር ይወስናል። አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ። የሥራው መሠረት ኢንሹራንስ፣ በተለይም ሜዲኬይድ፣ መሆን አለበት። ከኪስ ክፍያ ደግሞ ምስጢሩን ለመጠበቅ ለሚፈልግ ሰው ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። ይህ አቋም ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውንም ከዚህ በታች በቁጥር አሳያለሁ።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ከኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር ውል ከፈጸመ የኩባንያው ኔትወርክ አባል ይሆናል። ኩባንያው የአንዱን ክፍለ ጊዜ ዋጋ ራሱ ይተምናል። ደንበኛው ኮፔይ የሚባለውን ድርሻ ይከፍላል፤ የቀረውን ባለሙያው የክፍያ ጥያቄ አቅርቦ ከኩባንያው ይቀበላል። ወደ ኔትወርኩ ለመግባት ብሔራዊ የአገልግሎት ሰጪ መለያ ቁጥር ማውጣት፣ የትምህርትና የፈቃድ ማስረጃን ኩባንያዎች በጋራ በሚጠቀሙበት የመረጃ ቋት ማስመዝገብ፣ ከዚያም ለወራት መጠበቅ ያስፈልጋል። በእነዚህ ወራት የቢሮው ኪራይ አይጠብቅም። ከኔትወርክ ውጭ የሚሠራ ባለሙያ ግን ዋጋውን ራሱ ይወስናል፤ ክፍያውንም በዕለቱ ይቀበላል። ደንበኛው አንዳንድ የኢንሹራንስ ዓይነቶች ካሉት ደረሰኙን ልኮ ከፊሉን ገንዘብ ሊያስመልስ ይችላል፤ ሜዲኬይድ ያለው ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም።

የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ከኢንሹራንስ የመራቃቸው ነገር በጥናት የተመዘገበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታወቀ የሥነ አእምሮ ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ በ2009 እና በ2010 የግል ኢንሹራንስ ይቀበሉ የነበሩ የአእምሮ ሐኪሞች 55.3 ከመቶ ሲሆኑ በሌሎች የሕክምና ዘርፎች ግን 88.7 ከመቶ ነበሩ። ሜዲኬይድን በሚመለከት ቁጥሩ 43.1 እና 73 ከመቶ ነበር። ጥናቱ ስለ ሐኪሞች እንጂ ስለ እኛ ስለ አማካሪዎች አይናገርም፤ በሥራው ዓለም የሚታየው ዝንባሌ ግን ከዚህ የተለየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የፋይናንስ ኮሚቴ ሠራተኞች፣ በሜዲኬር አድቫንቴጅ ኩባንያዎች ዝርዝር ላይ ስማቸው ወደ ተጻፈ 120 የአእምሮ ጤና አገልግሎት ሰጪዎች ስልክ ደውለው ነበር። ቀጠሮ ማግኘት የቻሉት በ18 ከመቶው ብቻ ነው። የቀሩት ወይ ስልኩ አይሠራም፣ ወይ አዲስ ሰው አይቀበሉም፣ ወይ ከኔትወርኩ ወጥተዋል። እነዚህ ደዋዮች እንግሊዝኛ የሚናገሩ፣ ጊዜ ያላቸው፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚደውሉ ሰዎች ነበሩ። በሌሊት ፈረቃ የምትሠራ እናት በአማርኛ የሚያናግራት ሰው ፍለጋ ይህንኑ ዝርዝር ስትይዝ ምን እንደሚገጥማት መገመት አያስቸግርም።

ወደ ሒሳቡ ልግባ። የምጠቀምባቸው አኃዞች ለማስረጃነት ያዘጋጀኋቸው ምሳሌዎች ናቸው፤ አንባቢ በራሱ ከተማ ዋጋ ሊተካቸው ይችላል። አንድ ባለሙያ በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ ይሠራል እንበል። ከኪስ ክፍያ 160 ዶላር ቢያስከፍል በሳምንት 4,000 ዶላር ያገኛል። ኢንሹራንሱ 95 ዶላር ቢከፍል በዚያው ሥራ የሚያገኘው 2,375 ዶላር ነው። 4,000 ለመድረስ ከ42 ክፍለ ጊዜ በላይ መሥራት አለበት፤ ይህን ያህል ሰው በሳምንት በጥሞና አዳምጣለሁ የሚል ባለሙያ ካለ እኔ ደንበኛው መሆን አልፈልግም። በዚህ ላይ የክፍያ ጥያቄ መጻፍ፣ የተከለከለውን ይግባኝ ማለት፣ በስልክ ሙዚቃ እያዳመጡ መጠበቅ አለ። ለዚህ ሰዓት ማንም አይከፍልም።

ከራሴ የደረሰውን አንዱን ብቻ ላንሣ። አንድ ኩባንያ ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ለከፈለኝ የ60 ደቂቃ ክፍለ ጊዜዎች ገንዘቡን እንድመልስ ጻፈልኝ። ምክንያቱ በማስታወሻዎቼ ላይ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት አለመጻፉ ነበር። የ60 ደቂቃው ኮድ 90837 ነው፤ ይህን ለመጠየቅ ቢያንስ 53 ደቂቃ መሥራት ያስፈልጋል። ከ38 እስከ 52 ደቂቃ ከሆነ ኮዱ 90834 ነው። ሥራው መሠራቱን ኩባንያው አልካደም፤ ሰዓቱ አለመጻፉን ግን እኔም መካድ አልቻልሁም። ገንዘቡ ከተከታዩ ወር ክፍያዬ ላይ ተቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ሳልጽፍ ማስታወሻ ዘግቼ አላውቅም። ለአዲስ ባለሙያ ከሁሉ በፊት የምነግረውም ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ፣ ስለምን ከኢንሹራንስ ጋር ቆይ እላለሁ? የተለመደው ምክር «በኢንሹራንስ ጀምር፤ ቀጠሮህ ሲሞላ አንድ በአንድ ውልህን እያቋረጥህ ወደ ከኪስ ክፍያ ተሻገር» ይላል። ይህ ምክር ያልተነገረ መነሻ አለው፤ ባለሙያው የተዋቸው ሰዎች ሌላ ባለሙያ ያገኛሉ ብሎ ያስባል። በእንግሊዝኛ ለሚሠራ ሰው መነሻው ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በአማርኛ ለሚሠራ ግን አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢ አማርኛ የብዙ ሰው ቋንቋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ በሥራ ላይ ሲውል የከተማው መሥሪያ ቤቶች ጽሑፋቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ሆኗል። ቅጽ መተርጎም ግን አንድ ነገር ነው፤ «ልቤ ተሰበረ» ያለ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ፣ «ሆዴ ባባ» ያለችውም ስለ ሆዷ እንዳልተናገረች ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ይህን በአስተርጓሚ መሥራት አይቻልም አልልም፤ እኔም በሌሎች ቋንቋዎች እሠራለሁ። ነገር ግን አስተርጓሚው ራሱ የዚያው ማኅበረሰብ ሰው ስለሚሆን ደንበኛው ሊናገር የመጣውን ይዞ ይመለሳል።

ሁለተኛው ምክንያት የደንበኞቻችን ኑሮ ነው። የራሱን መኪና የሚነዳ ሹፌር በአሠሪ በኩል የሚመጣ ኢንሹራንስ የለውም። ገቢው ዝቅ ካለ ሜዲኬይድ ያገኛል፤ ሜሪላንድና ዲሲ የሜዲኬይድን ደጅ ለአዋቂዎች ካሰፉት ቆይተዋል፣ ቨርጂኒያም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ተከትላለች። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምትሠራ ረዳት ነርስ ደግሞ ከደመወዟ ላይ በየሁለት ሳምንቱ የኢንሹራንስ መዋጮ ይቆረጥባታል። የእኛ ሰው ኢንሹራንስን የሚረዳው በእድር ነው፤ በየወሩ ከፍሎ በክፉ ቀን ድንኳኑ ይመጣልኛል ብሎ ያምናል። በክፉ ቀን ወደ እኔ ስትመጣ «ያን መዋጮ እርሺውና 160 ዶላር ክፈዪ» ማለት ድንኳኑን ለሁለተኛ ጊዜ እንድትገዛ መጠየቅ ነው። በሕግ ልክ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ፊቷን አይቼ መናገር አልቻልሁም።

እስካሁን ለኢንሹራንስ ተከራከርሁ። አሁን ኢንሹራንስ ወደሚጎዳበት ቦታ ልለፍ፤ ይህ ከዋጋው ጉዳይ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ነገር ነው።

ኢንሹራንስ ለውይይት አይከፍልም፤ ለበሽታ ይከፍላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የበሽታ ስያሜ መጻፍ ግድ ይሆናል። አንድ ሰው በስልክ መርዶ ተረድቶ ወደ ቢሮዬ ይመጣል። እናቱ ጎንደር ሞታ፣ ሳይቀብራት፣ ለቅሶ ሳይቀመጥ፣ በማግሥቱ ሥራ ገብቷል። ይህ ሰው ታሟል? ሐዘንን የሚያመለክተው ኮድ በምደባው መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ዜድ በሚለው ፊደል ከሚጀምሩት አንዱ ነው። እነዚህን ኮዶች ብቻ ይዞ ለቀረበ ጥያቄ ግን ኢንሹራንሶች በአብዛኛው አይከፍሉም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የተሻሻለው የአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መመሪያ የተራዘመ ሐዘን የሚባል ሕመም አካትቷል፤ ለአዋቂ ሰው ግን ሞቱ ካለፈ ቢያንስ 12 ወር መሙላት አለበት። አርባው አልፎ ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ሐዘን የወግ ነው የሚለው የእኛ ልማድ ከመመሪያው ጋር በአጋጣሚ ይስማማል። ኢንሹራንሱ ግን በዚያ ዓመት ውስጥ ለተቀመጥንባቸው ሰዓታት ስም ይፈልጋል። ብዙ ባለሙያ በዚህ ጊዜ የመላመድ ችግር የሚለውን ቀለል ያለ ስያሜ ይጽፋል። መስፈርቱን የሚያሟላ ሰው አለ፤ የማያሟላም አለ። ለማያሟላው መጻፍ፣ በቅን ልብ ቢሆንም፣ የሐሰት ሰነድ ነው። አለመጻፍ ደግሞ ሐዘንተኛውን መመለስ ነው። በዚህ መካከል ንጹሕ መንገድ አለ የሚል ካለ ቢጽፍልን እወዳለሁ። እኔ የማደርገው ስያሜውን ከመላኬ በፊት ለደንበኛው በአማርኛ ማንበብ፣ ምን እንደሆነና የት እንደሚቀመጥ መንገር፣ መስፈርቱ ካልተሟላ ደግሞ በዝቅተኛ ዋጋ ከኪሱ እንዲከፍል ማቅረብ ነው። በአማርኛ ሲነበብለት «ይህ እኔ አይደለሁም» ያለኝ አለ። «እንኳን ስም ተገኘለት» ያለኝም አለ።

ሌላው የምስጢር ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ሕግ ልጆች እስከ 26 ዓመታቸው በወላጅ ኢንሹራንስ መቆየት ይችላሉ። የ22 ዓመት ተማሪ የሆነች ልጅ በአባቷ ኢንሹራንስ ሕክምና ጀመረች እንበል። ኩባንያው ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ ምን እንደከፈለ የሚገልጽ ደብዳቤ ለኢንሹራንሱ ባለቤት ይልካል። ደብዳቤው የአገልግሎቱን ዓይነትና የባለሙያውን ስም ሊይዝ ይችላል። አባቷ ያንን ስም እሑድ በቤተ ክርስቲያን ያውቀዋል! እንዲህ ባለ ጠባብ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ደብዳቤ አንድ ሕክምናን በአንድ ቀን ሊያስቆም ይችላል።

ለዚህ ችግር ሁለት ሕጋዊ መፍትሔዎች አሉ፤ ብዙ ጀማሪዎች ግን አያውቋቸውም። አንደኛ፣ ሂፓ በሚባለው የጤና መረጃ ሕግ ደንብ መሠረት ደንበኛዋ መረጃው ወደ ሌላ አድራሻ እንዲላክላት ኩባንያውን መጠየቅ ትችላለች፤ መገለጡ አደጋ እንደሚያስከትልባት ከገለጸች ኩባንያው ተገቢውን ጥያቄ የመቀበል ግዴታ አለበት። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በተሻሻለው ደንብ፣ ደንበኛው ለአገልግሎቱ ሙሉውን ከኪሱ ከከፈለና መረጃው ለኢንሹራንሱ እንዳይደርስ ከጠየቀ፣ ባለሙያው ጥያቄውን ማክበር አለበት። ከኪስ ክፍያን ሙሉ በሙሉ የማልቃወመው በዚህ ምክንያት ነው። ለሜዲኬይድ ተጠቃሚ ግን ይህ በር በአብዛኛው ዝግ ነው፤ በሜዲኬይድ የተመዘገበ ባለሙያ ለተሸፈነ አገልግሎት የፕሮግራሙን ክፍያ እንደ ሙሉ ክፍያ የመቀበል ግዴታ አለበትና።

ስለ ገንዘብና ሕክምና ሲነሣ ፍሮይድን የሚጠቅስ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1913 ሕክምና ስለ መጀመር በጻፈው ጽሑፍ፣ ደንበኛው ለተያዘለት ሰዓት መክፈል እንዳለበትና በነፃ ማከምም ችግር እንዳለው ተከራክሯል። «የከፈለ ሰው ይተጋል» የሚሉ የዛሬ አማካሪዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ፍሮይድ ግን እ.ኤ.አ. በ1918 ቡዳፔስት ላይ ባደረገው ንግግር፣ ድሃው ለአካሉ እንደሚታከም ሁሉ ለነፍሱም የመታከም መብት አለው ብሎ ነፃ ተቋማት የሚከፈቱበትን ቀን ተንብዮ ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥም በርሊን ላይ እንዲህ ያለ ክሊኒክ ተከፈተ። የእኛ ሰው ደግሞ የነፍስ አባቱን ሲያማክር በሰዓት ተከፍሎ አያውቅም። በሰዓት ዋጋ ማውጣት ለእርሱ እንግዳ ነገር ነው። ይህን እንግዳነት በመጀመሪያው ቀን በግልጽ መነጋገር ይጠቅማል። ዝም ከተባለ ደንበኛው በቡናና በስጦታ መልኩን ሊያስተካክል ይሞክራል፤ ባለሙያውም ኮፔዩን «ይቅር» ወደ ማለት ይሄዳል። ኮፔይን በልማድ መተው ግን በውልም በሕግም ያስጠይቃል። ደግነቱ በጽሑፍ በተቀመጠና ለሁሉም እኩል በሚሠራ የገቢ መለኪያ ቢሆን ይሻላል።

ታዲያ ምን ዓይነት ቢሮ? የእኔ ከ25 ክፍለ ጊዜ ውስጥ 15ቱን ለኢንሹራንስና ለሜዲኬይድ፣ 7ቱን ለሙሉ የኪስ ክፍያ፣ 3ቱን በዝቅተኛ ዋጋ ለሚከፍሉ ይይዛል። ከላይ ባሉት ዋጋዎች፣ ዝቅተኛውን 50 ዶላር ብናደርግ፣ ሳምንቱ 2,695 ዶላር ያስገባል። ሁሉን ከኪስ ከሚያስከፍለው ቢሮ በሳምንት 1,305 ዶላር ያንሳል፤ በዓመት 46 ሳምንት ብንሠራ ልዩነቱ 60,030 ዶላር ነው። ይህን ማቃለል አልፈልግም። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው፤ አገር ቤት ላለ ወንድም የሚላክ ገንዘብ ነው። ወጣት ባለሙያ ይህን ብቻውን እንዲሸከም የሚጠይቅ ሥነ ምግባር ብዙ አይቆይም፤ ሰውየው ይደክምና ቢሮውን ይዘጋል።

ሸክሙን የሚያቀሉ ጥቂት ነገሮች አሉ። ብዙ ኩባንያ ከመያዝ በአካባቢው የእኛ ሰው በብዛት የያዛቸውን ሁለት ወይም ሦስት መምረጥ አንዱ ነው፤ ይህን ለማወቅ የመጀመሪያዎቹን ደዋዮች ምን ካርድ እንደያዙ መጠየቅ ይበቃል። ሜዲኬር እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ፈቃድ ያላቸውን የአእምሮ ጤና አማካሪዎችና የቤተሰብ ቴራፒስቶች መቀበል ጀምሯል። ክፍያው ለሥነ ልቦና ሊቃውንት ከሚከፈለው 75 ከመቶ ቢሆንም፣ ልጆቻቸውን ተከትለው መጥተው ቀኑን በቤት ለሚውሉ እናቶችና አባቶች በር ከፍቷል። ከኪስ ለሚከፍለው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የወጪውን ግምት አስቀድሞ በጽሑፍ መስጠት ግዴታ ነው፤ ግምቱን በአማርኛ መስጠት ግን የባለሙያው ፈንታ ነው። ከሁሉ በላይ ኩባንያው የሚሰጠው ዋጋ የመጨረሻ አይደለም። ሲጠየቅ ሊጨምር ይችላል፤ የሚጨምረው ግን ማስረጃ ሲቀርብ ነው።

የዚህ መጽሔት አንባቢ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ለኩባንያ «በአማርኛ የሚሠራ ሰው የለህም» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ በደብዳቤው ላይ የሚያያዝ ጥናት ግን አላገኘሁም። ከኪስ የሚከፍሉና በኢንሹራንስ የሚመጡ አማርኛ ተናጋሪ ደንበኞች ከስንተኛው ቀጠሮ በኋላ እንደሚያቋርጡ ማነጻጸር ለአንድ የማስተርስ ጽሑፍ የሚበቃ ጥያቄ ነው። ከአስተርጓሚ ጋርና ያለ አስተርጓሚ የሚደረግ ሕክምናም እንዲሁ ሊነጻጸር ይችላል። መለኪያ የለም እንዳይባል፣ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት የድባቴ መጠይቅ በአዲስ አበባም በቡታጅራም ተፈትሿል።

ጥያቄው የስደተኛው ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የምክር ቢሮ የሚከፍት ተመራቂ ዛሬ በአብዛኛው ከኪስ ክፍያ ሌላ ምርጫ የለውም። ነገር ግን የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 በሕግ መጽሐፉ ውስጥ አለ። የመድን ሥርዓት እየሰፋ ሲሄድ የምክር አገልግሎት በጥቅል ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ፣ ቢገባስ ሐዘንተኛው በምን ስያሜ ይመዝገብ፣ መዝገቡንስ አሠሪው ያየዋል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች መነሣታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት ሐኪሞችና የገንዘብ ባለሙያዎች ይሆናሉ። የሥነ ልቦና አማካሪዎች ማኅበራት ከአሁኑ የራሳቸውን ሰነድ ቢያዘጋጁ፣ ቢያንስ ያለ በሽታ ስያሜ የሚከፈልባቸው ጥቂት የምክር ክፍለ ጊዜዎች በጥቅሉ ውስጥ እንዲካተቱ መጠየቅ ይችላሉ። ሜሪላንድ ላይ እኛ ያላገኘነው ይህንን ነው።